የሮቶ ጉልበት ከየት ይመጣል?

በጭሮም ሆነ በበደሳ፣ በገለምሶም ሆነ በሂርና አዲስ ቤት የሠራ ሰው እንግዳውን ሲያስጎበኝ ሴራሚኩን፣ የብረት በሩን፣ የሳሎኑን ኮርኒስ ያሳያል። ሮቶውን የሚያሳይ ግን አላጋጠመኝም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሌሊት የመጣውን ተቀብሎ እስከ ቀጣዩ ፈረቃ የሚያደርሰው እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራውን አያቆምም፤ ሞተር የለውም፣ ነዳጅም አይጠይቅም። ከፍ ብሎ መቀመጡ ብቻ ይበቃዋል።

አሠራሩ ብዙ አያስወራም። ከቆጣሪ የመጣው ውሃ በላይ በኩል ይገባል፤ ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ይዘጋዋል፤ ከሥሩ የወጣው ቱቦ ወደ ወጥ ቤትና ወደ መታጠቢያ ቤት ይወርዳል። ጥቁር የሆነው ብርሃን እንዳያሳልፍ ነው፤ ብርሃን የማያገኝ ውሃ አረንጓዴ አያበቅልም።

ብዙ ማለት የምፈልገው ስለ ግፊቱ ነው። በደሳ የማውቃቸው አንድ የቡና ነጋዴ በአሮጌው የብሎኬት ቤታቸው ላይ አንድ ፎቅ ጨመሩ። የላይኛው መታጠቢያ ቤት አምሮ ተሠራ፤ ሻወሩ ሲከፈት ግን ውሃው ግድግዳ ግድግዳውን ብቻ እየታከከ ይወርድ ጀመር። እሳቸውም 1,000 ሊትሩን ሮቶ ወደ ጎን አድርገው በዚያው ስታንድ ላይ 3,000 ሊትር አስጫኑ። ምንም አልተለወጠም። «አንተ ልጅ፣ ሦስት እጥፍ ውሃ ከላይ ጭኜ እንዴት አልገፋም ይላል?» አሉኝ፤ የእውነት ተበሳጭተው ነበር።

ጥያቄያቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ብዙ ውሃ ከባድ ስለሆነ አብዝቶ የሚገፋ ይመስላል። ቧንቧው ላይ የሚደርሰውን ግፊት የሚወስነው ግን ከቧንቧው አፍ እስከ ሮቶው የውሃ ገጽ ያለው ቁመት ነው፤ የሮቶው ስፋት ምንም አይጨምርበትም። ጣት የሚያህል ቱቦና ሐይቅ የሚያህል ገንዳ፣ የውሃቸው ቁመት እኩል ከሆነ፣ ከሥር እኩል ይገፋሉ። ይህን ፍላንደርሳዊው ሲሞን ስቴቪን እ.ኤ.አ. በ1586 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶታል፤ ይኸው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ግን ዛሬም ግፊት ሲያንሰን ሮቶ በሊትር እንገዛለን።

ሒሳቡን ማንም በቃሉ ሊሠራው ይችላል። 10 ሜትር ቁመት 1 ባር ገደማ ይሰጣል። የነጋዴው ሮቶ ሥር ከመሬት 6 ሜትር ላይ ነበር። የምድር ቤቱ ቧንቧ 1 ሜትር ላይ ስለሆነ 5 ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ባር ያገኛል፤ ለዕቃ ማጠቢያ በቂ ነው። የላይኛው ፎቅ ወለል 3 ሜትር ላይ ነው፤ የሻወሩ ራስ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ሲል ከመሬት 5 ሜትር ደረሰ። የቀረው 1 ሜትር፣ አንድ አሥረኛ ባር ብቻ ነው። በዚህ ላይ ውሃው በግማሽ ኢንች ቱቦና በብዙ ክርን ሲያልፍ ከዚያችው ከቀረችው ይቀነስባታል። ሮቶው ጢም ሲል በውስጡ ያለው የውሃ ቁመት ስለሚጨመር ሻወሩ ጠዋት ይሠራና ማታ ይሰንፋል፤ ሰውም ቧንቧ ሠራተኛውን ይወቅሳል። ቁመቱ ሲያጥር ውሃ በግፊት ሲያልፍበት የሚበራው የሻወር ማሞቂያም ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይበራም።

በመጨረሻ ስታንዱ በአዲስ መሠረት ላይ 3 ሜትር ተጨመረለትና ያው አሮጌው 1,000 ሊትር ተመልሶ ወጣ። ሻወሩ አሁን ይሠራል።

እንግሊዝ አገር ያሉ አሮጌ ቤቶችም ይኸው ጣጣ አለባቸው። እዚያ ቤት የሚሞቀው በራዲያተር ውስጥ በሚዞር ሙቅ ውሃ ሲሆን፣ በቀደመው አሠራር መስመሩን የምትሞላው ጣራው ሥር የተቀመጠች ትንሽ ገንዳ ናት። ቆጡን ወደ መኝታ ቤት ለውጦ እዚያ ራዲያተር የሚጨምር ሰው፣ ራዲያተሩ ከገንዳዋ የውሃ ገጽ በላይ ከሆነበት አየር ብቻ ይዞ ይቀርበታል። ወይ ገንዳዋን ከፍ ማድረግ፣ ወይ መስመሩን ዘግቶ በግፊት ወደሚሠራ መለወጥ አለበት። የእነሱ ራዲያተርና የእኛ ሻወር የሚታዘዙት ለአንድ ሕግ ነው።

የሮቶ ሌላው ውለታ ከላይ አየር የሚያገኝ መሆኑ ነው። ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በመቶ 1.5 ያህል ይሰፋል፤ 80 ሊትር በሚይዝ ቦይለር ይህ 1.2 ሊትር ነው። ውሃ እንዳይመለስ የሚከለክል ባልብ ከሌለ የሰፋው ውሃ በመጣበት ቱቦ ወደ ሮቶው ይመለሳል። ባልቡ ካለ ግን መውጫው የቦይለሩ ሴፍቲ ባልብ ብቻ ነው፤ ቦይለሩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ የሚለው ለዚህ ነው። ይህን ጠብታ ብልሽት አድርገው በቡሽ የሚደፍኑ አሉ። እባካችሁ አትድፈኑት። የታፈነ ሙቅ ውሃ ቦይለሩን ሊያፈነዳው ይችላል። ከሥሩ ትንሽ ቱቦ አስሮ ወደ ፍሳሹ መምራት ብቻ በቂ ነው።

ቁመት መጨመር ካልተቻለ ፓምፕ አለ፤ ቦታው ግን ከሮቶው መውጫ በኋላ ነው። ከከተማው መስመር ላይ በቀጥታ የሚስቡ ሰዎች የጎረቤትን ውሃ ይነጥቃሉ፤ በዚህም ላይ መስመሩ ውስጥ ግፊት ሲጠፋ በተሰነጠቀው በኩል ከመሬት ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ እሱም የሁሉም መጠጥ ይሆናል። ጉድጓድ ላላቸውም አንድ ነገር ልጨምር። በደሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ከመሬት በላይ የተቀመጠ ፓምፕ ከ8 ሜትር ገደማ ጥልቀት በታች ያለ ውሃ መሳብ አይችልም፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የፓምፑን ጉልበት ማብዛት ይህን አይለውጥም።

ክብደቱንም አትናቁት። 2,000 ሊትር ውሃ 20 ኩንታል ነው። ያን ያህል ቡና ጣራው ላይ ይከመር ቢባል እሺ የሚል ባለቤት የለም፤ ሮቶ ሲሆን ግን በቀጭን ቱቦላሬ ላይ ይሰቀላል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ማሳረፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ስታንዱ የራሱ መሠረት ይኑረው።

ክዳኑ ይዘጋ። በነፋስ ተወስዶ የቀረ ክዳን በየሰፈሩ አያለሁ፤ ይህ በእውነት ያሳስበኛል። ጎረቤታችን ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጌ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ገብቶባታል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ሰው ለቤቱ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ዳርቻ ላይ ነው። ክዳን የሌለው ሮቶ ለእሷ የተመቸ ቤት ነው።

ፎቅ ለመጨመር ያሰበ ሰው ግንበኛ ሳይጠራ የሚያደርገው ሙከራ አለ። ሮቶው ሊያልቅ ሲል ከመውጫው ላይ ብርሃን የሚያሳይ ቀጭን ጎማ ይሰር፣ ውሃ ይሙላበትና አየሩን ያስወጣ። ከዚያ የጎማውን ጫፍ ሻወሩ በሚተከልበት ግድግዳ በኩል ከፍ አድርጎ ይያዝ። ውሃው ጎማው ውስጥ የቆመበት ቦታ የሮቶው የውሃ ገጽ ልክ ነው፤ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። ከምልክቱ በላይ ውሃ በራሱ አይወጣም። የሻወሩ ራስ ከምልክቱ ቢያንስ 2 ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ካነሰ ስታንዱ ይረዝማል ወይም ፓምፕ ይገዛል፤ ሴራሚኩ የሚለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው።