ራሱን የቻለ ጎጆ በስሜን ተራራ
(በሬዲዮ ከተነገረው)



ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ በታክሲ ሰልፍ የቆመ ሰው፣ በተለይም ወሩ ሲጋመስ፣ አንድ ሐሳብ ሳይመጣበት አይቀርም። ይኸውም «ምን አለ ከዚህ ሁሉ የቤት ኪራይና የመብራት ሒሳብ ርቄ፣ ከወደ ዳባት ወይም ከደባርቅ በላይ አንዲት ጎጆ ቀልሼ፣ ገብሴን ዘርቼ፣ በጌን አርብቼ፣ የሰው እጅ ሳላይ ብኖር» የሚል ነው። እኔም ይህን ሐሳብ ከአንድ ጊዜ በላይ አስቤዋለሁና በአሳቢው ላይ ለመሣቅ አልተነሣሁም። ነገር ግን ሐሳቡ ሚስትና ልጆችን የሚያስከትል ስለ ሆነ፣ ጓዝ ከመጠቅለል በፊት ሒሳቡን መሥራት ይገባል። ለሒሳቡም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በዚያው በስሜን ይህንን ኑሮ በእውነት የኖሩ ሰዎች አሉና።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ ለመድረስ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ በ2,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ተራራው ወጥቶ፣ ሳንቃበርን አልፎ፣ በ3,600 ሜትር ግድም ላይ ግጭ የሚባል መንደር ነበረ። «ነበረ» ያልሁበትን ምክንያት ኋላ እደርስበታለሁ። መንደሩ የኤሌክትሪክ መብራት የሌለው፣ በእግርና በበቅሎ ብቻ የሚደረስበት ስለ ነበረ፣ የከተማ ሰው «ራሱን የቻለ ኑሮ» የሚለው ነገር በተግባር ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ አስረጂ አይገኝም።

እንግዲህ ከእህሉ እንጀምር። በእንዲህ ያለ ውርጭ ጤፍ አይታሰብም፤ የገበሬው ተስፋ ገብስ ነው። በእርዳታ ጊዜ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል እንደሚታደል ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በዚሁ ልክ እንኳ ብናስብ፣ ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በዓመት 10 ኩንታል ከ80 ኪሎ ይፈልጋል። አንድ ሄክታር ማሳ 10 ኩንታል ገብስ ቢሰጥና ከዚያ ላይ 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ ያህል ለዘር ቢነሣለት፣ ለመብል የሚቀረው 8 ኩንታል ከ80 ኪሎ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ በየዓመቱ ወደ ሄክታር ከሩብ የሚጠጋ መሬት ማረስ አለበት ማለት ነው። ቀዝቃዛው አፈር ደግሞ ያለ ዕረፍት አይሰጥምና፣ የዚያኑ ያህል ጦም የሚያድር መሬት ይጨመርበታል። የበሬውና የበጉ ግጦሽ፣ ለጠላ የሚነሣው ገብስ፣ ለእንግዳና ለዝክር የሚወጣው ሁሉ ገና አልተቈጠረም። «አንዲት ጎጆና አንዲት ጓሮ» ብሎ ያሰበ ሰው ከዚህ ላይ ቆም ማለት ይኖርበታል።

እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላም ሥራው አያልቅም። ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ላንሣ። ውሃ በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው በጨመረ ቍጥር ግን አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ውሃው ሳይግል ቶሎ ይፈላል። በግጭ ከፍታ ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ድስቱ ከዚህ በላይ ስለማይግል ባቄላው ወይም አተሩ እስኪበስል እጅግ ረዥም ጊዜ ይወስዳል፤ ማገዶውም በዚያው ልክ ይጨምራል። እንጨት ብርቅ በሆነበት ደጋ ማገዶ ማለት ኩበት ነው። ኩበቱ ከነደደ ደግሞ ለማሳው ፍግ ይጐድላል። ሴትዮዋ ድስት በጣደች ቍጥር ከሚመጣው ዓመት አዝመራ ጥቂት ታነዳለች ብንል ማጋነን አይሆንም። የበሶና የቆሎ ጥቅም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ገብሱ አንድ ጊዜ ተቆልቶ ከተፈጨ ብዙ ቀን ያለ እሳት ያበላልና።

ስለ መፍጨቱ ካነሣን፣ ወፍጮ ቤት በሌለበት አገር ያ ሁሉ ገብስ የሚፈጨው ተንበርክኮ በድንጋይ ወፍጮና በመጅ ነው። ውሃውም አለ፤ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ብንመድብ ለስድስት ሰው 90 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በ20 ሊትር ጄሪካን ቢሉት ቢያንስ አራት፣ አንዳንድ ቀንም አምስት ምልልስ ነው። ወፍጮውም ምንጩም የሴትና የሴት ልጅ ሥራ ሆኖ ኖሯል። በእኔ ግምት «ቀላል ኑሮ» የሚለውን ስም ያወጣው ፈጭቶ የማያውቅ ወንድ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ ተችሎ እንኳ ያ ጎጆ ለብቻው የቆመ አልነበረም። ገበሬው ሞፈሩንና ቀንበሩን ራሱ ጠርቦ ይሠራል፤ ማረሻው ግን ብረት ነው። ጨው ከተራራው አይወጣም። በወገራና በስሜን ማረሻ የሚቀጠቅጡት፣ ምጣድና ማሰሮ የሚሠሩት በአብዛኛው ቤተ እስራኤል ነበሩ። እነርሱም በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በነበሩት ዓመታት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ የገበሬው ቤት የቅርብ ባለሙያዎቹን አጣ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። አጨዳውና ውቂያው በደቦ፣ ጉልጓሎው በወንፈል ይያዛል። ሌሊት የተዳፈነው እሳት ጠፍቶ ያደረ እንደ ሆነ፣ ጧት ልጅ ገል ይዞ ከጎረቤት ፍም ሊጭር ይላካል። ከሩቅ የሚያይ ሰው አንድ ጎጆ ብቻውን ቆሞ ያያል፤ ነገር ግን ማገሩ ሌላ ዘንድ ነው።

ከውጭ መጥቶ በዚህ ተራራ የኖረ ቤተ ሰብም ነበረ። በዌልስ የተወለደው ሲ. ደብልዩ. ኒኮል እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 የስሜን ፓርክ የመጀመሪያው ዋርደን በነበረ ጊዜ ከጃፓናዊት ሚስቱና ከልጆቹ ጋር በስሜን ተቀምጧል፤ ስለዚያም ዘመን መጽሐፍ ጽፏል። ኒኮል ወጣትና ብርቱ ሰው ነበረ፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱን መርሳት አይገባም። እርሱ ደመወዝ ነበረው፤ ሥራው ሲያበቃ የሚሄድበት አገርም ነበረው። እንደ ሄደም ኋላ በጃፓን ተቀምጦ፣ በናጋኖ አውራጃ የተጎዳ ደን እያገገመ እንዲሄድ ሲደክም ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ዐረፈ። ለግጭ ገበሬ ግን አንድ ዓመት ውርጭ ገብሱን ከመታበት ደመወዝ የለውም፤ ያለው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

አሁን «ነበረ» ወዳልሁት ልመለስ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በአዋጅ ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ከሚገኙት ቅርሶች ዝርዝር ተጻፈ። እርሻውና ግጦሹ በዋልያው፣ በቀይ ቀበሮውና በሣሩ ላይ እየተስፋፋ ሄዶ ነበርና። ስለ አፈሩም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስሜን ያጠናው የስዊስ ተወላጁ የመልክዓ ምድር ሊቅ ሐንስ ሁርኒ፣ ለዘመናት ከታረሰው ዳገት አፈሩ ምን ያህል ታጥቦ እንደ ተወሰደ አሳይቷል። እንግዲህ ያ ራሱን የቻለ የተባለው ኑሮ ከጎረቤት ብቻ ሳይሆን ከአፈሩም ላይ ይበደር ነበር ማለት ነው። ይህ የገበሬው ስንፍና አልነበረም፤ ልጅ ሲበዛ ጦም የሚያድረው መሬት ያንሳል፤ የሚበላውም ከየት ይምጣ?

በመጨረሻም 418 የግጭ አባወራዎችና እማወራዎች ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር ተዛወሩ፤ ዝውውሩም በ2008 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ለቅርሱ ይህ መልካም ዜና ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ለቤተ ሰቡ ግን ሒሳቡ ተገላበጠ። ደባርቅ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ቅርብ ናቸው፤ ወፍጮ ቤትም አለ፤ የሴቲቱ ጉልበት ከድንጋይ ወፍጮ ዐረፈ። በአንጻሩ ቀድሞ ከጎተራ ይወጣ የነበረው ገብስ አሁን በብር ይሸመታል፤ ማገዶውም፣ ጠላውም እንዲሁ። ካሣው ደግሞ እንደ ማሳ በየዓመቱ አያፈራም። ገበሬ ሆኖ ያረጀ ሰው ገንዘብን ወደ ንግድ መለወጥ የት ይማራል? እኛ በየወሩ ደመወዝ የምንቀበል ሰዎች ይህን ጥያቄ ለመፍረድ ከመቸኰል ብንጠነቀቅ ይሻላል።

እነሆ አንዱ ከተራራው ወደ ከተማ ሲወርድ ሌላው ከከተማ ወደ ተራራው ለመውጣት ያስባል። ይህን ሁሉ አንብቦ አሁንም ልቡ ያልተመለሰ አንባቢ ቢኖር፣ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ «ዳባት አጠገብ ርካሽ መሬት ልሽጥልህ» የሚል ደላላ ቢመጣበት ገንዘቡን በኪሱ ይያዝ። ፓርኩ ውስጥስ መጎጆ አይታሰብም። በሕጋዊ መንገድ፣ በዘመድም ሆነ በኪራይ የሚያርሰው ያገኘ እንደ ሆነ ግን፣ ቦታውን በመስከረም አደይ አበባ ሲፈነዳ ሳይሆን ምንጩ በሚቀንስበት በበጋው ማብቂያ ሄዶ ይየው። ከዚያም በሬውን ከማን በሬ ጋር እንደሚያቀናጅ ይጠይቅ። ከሚስቱም ጋር ተቀምጦ፣ የቅርቡ ወፍጮ ቤት ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድና እህሉን ማን ተሸክሞ እንደሚሄድ ቀድመው ይነጋገሩበት።