ደጅ ጥናት በእጅ ስልክ

ጎንደር ደጅ ጥናትን አሳምራ ታውቃለች። የፋሲል ግቢ 12 በሮች አሉት፤ በነገሥታቱ ዘመን ባለጉዳይ ደጅ ላይ ቆሞ «አቤት!» ይል ነበር። ዛሬ በከተማዋ ማራኪ ሰፈር ፎቶ ኮፒ አስነስቶ፣ ማህደሩን በብብቱ ሸጉጦ ወረፋ የያዘው ባለጉዳይ ደግሞ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ጉዳዩ ከደባርቅ ያስመጣው ከሆነ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። «ነገ» ለእሱ የአዳር ገንዘብና ሳይታረስ የዋለ ማሳ ነው።

አገልግሎቱ ወደ ስልክ ቢገባ ይህ ሰው በመንግሥት ይረካል?

መልሱ ስልኩ ላይ ብቻ አይደለም። የገበያ ጥናት ምሁሩ ሪቻርድ ኦሊቨር በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እርካታን ያየው ሰው የጠበቀው ካገኘው ጋር ሲነጻጸር ነው። ብዙ ተስፋ ሰጥቶ ጥቂት ያቀረበ አገልግሎት፣ ምንም ካልጠበቁበት አገልግሎት የባሰ ያበሳጫል። «በስልክዎ ይጨርሱ» ተብሎ ቅጹን የሞላ ሰው መጨረሻ ላይ «ዋናውን ይዘው በአካል ይቅረቡ» ሲባል የሚናደደው ለዚህ ነው። ሌላው ምሁር ዴቪድ ማይስተር በ1985 እ.ኤ.አ. ስለ ወረፋ ሲጽፍ፣ ማብቂያው ያልታወቀና ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃ ከታወቀው ይልቅ ረጅም ሆኖ እንደሚሰማ አስተውሏል። ደጅ የጠና ሁሉ ይህን ሳያነብም ያውቀዋል።

በስልክ የሚገኝ አገልግሎት ምን ይመስላል? ለደጋው ገበሬ ቅርብ የሆነው ምሳሌ 8028 ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይህን ነፃ የስልክ መስመር ሥራ ያስጀመረው በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። የወገራ ወይም የዳባት ገበሬ ባለ ቁልፍ ተራ ስልኩን አንሥቶ ይደውላል፤ ድምፅ ይቀበለዋል፤ ቋንቋውን መርጦ ስለ ስንዴው ወይም ስለ ገብሱ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያው መጠን ያደምጣል። እያንዳንዷ ቁልፍ የራሷ ምልክት አላት፤ በመስመሩ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ምልክቷን ለይቶ የተቀዳውን ምክር ይከፍታል። ማንበብ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። እንደ ዋግ ያለ በሽታ ሲያሰጋም በዚሁ ሥርዓት ማስጠንቀቂያ ወደ ገበሬው ይላካል፤ ማለትም መንግሥት ራሱ የገበሬውን ደጅ ያንኳኳል። እንዲህ ያለ ግልባጭ በአገራችን ብዙም አልተለመደም።

ድምፅ የተመረጠበት ሌላም ምክንያት መገመት ይቻላል። አንድ የጽሑፍ መልእክት የሚሸከመው 1,120 ቢት ነው። የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ሆሄ ይገባል። ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. የገባው የእኛ ፊደል ግን በስልክ መልእክት ላይ እያንዳንዱ 16 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ 70 ብቻ። ከዚያ ያለፈ አማርኛ ተቆራርጦ፣ ከአንድ በላይ መልእክት ሆኖ ተቆጥሮ ይጓዛል።

በግንቦት 2013 የጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ይህን ጉዳይ በሌላ በኩል ያሳያል። መተግበሪያው ዳታ ይፈልጋል፤ *127# ግን ስልኩ ከኔትወርኩ ጋር በሚነጋገርበት የምልክት መስመር ስለሚሄድ ዳታ አያሻውም። ልዩነቱ የባለሙያ ወሬ ብቻ አይደለም። ከግንቦት 2015 መባቻ ጀምሮ ነዳጅ በመላ አገሪቱ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተወሰነ። ከ3 ወር ገደማ በኋላ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። አገልግሎትን ሁሉ በመተግበሪያ ላይ የሰቀለ መሥሪያ ቤት እንዲህ ባለ ቀን ተገልጋዩን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ስለዚህ ለሰሜን ጎንደር ደጋ የሚታሰብ አገልግሎት መጀመሪያ በተራ ስልክ መሥራት አለበት፤ የሚያብረቀርቀው መተግበሪያ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

አሁን መሠረቱ እየተጣለ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያ ለአንድ ሰው 12 አኃዝ ያለው አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ «ማን ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ከየመስኮቱ ያነሣል። በሚያዝያ 2017 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው መሶብ የተባለ ማዕከል ደግሞ ብዙ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣራ ሥር አሰባስቧል። ነገር ግን ቁጥሩም ጣራውም «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ለሚለው ጥያቄ በራሳቸው መልስ አይሰጡም። ያንን መልስ መዝገቡን የያዘው ሠራተኛ በሰዓቱ መሙላት አለበት።

ለዚህ ውድ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም። «ማመልከቻዎ ደርሷል፤ መልሱን ሰኞ ከ4 ሰዓት በኋላ ይውሰዱ።» ይህ መልእክት ከነክፍተቱ 37 ሆሄ ነው፤ 33 ይተርፋል።