የሞተረኛ ብርድ በደጋ አገር

በደጋው አገራችን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ማለዳ በሞተር ብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ጥቂት አይደለም። የግብርና ባለሙያው፥ የጤና ሠራተኛውና መምህሩ ፀሐይ ሳትሞቅ መንገድ ይጀምራሉ። ብርዱንም ብዙ ሰው «ይለመዳል» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የሞተረኛ ብርድ ከእግረኛ ብርድ የተለየ መሆኑን፥ ጉዳቱም ምቾት ከማሳጣት ዐልፎ ፍሬን የመያዝን ችሎታ እስከ መንካት እንደሚደርስ ማስረዳት ነው።

ለምሳሌ ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፥ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች፤ ሙቀቱን የሚያግድላት ደመናም የለም። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ የአየሩ ሙቀት ወደ 0 ዲግሪ ይቀርባል፤ አንዳንድ ሌሊትም ከዚያ ወርዶ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል።

እግረኛው ይህን ብርድ በጋቢ ይቋቋመዋል። ጋቢ የሚያሞቀው የራሱ ሙቀት ኖሮት ሳይሆን በድርቡ መካከል አየር አምቆ ስለሚይዝ ነው። ሰውነትም በበኩሉ ከቆዳው አጠገብ ያለውን ስስ የአየር ሽፋን ያሞቃል። ነፋስ ሲመጣ ግን ይህ ሽፋን ይገፈፋል፤ ሰውነት ሌላውን ያሞቃል፥ እርሱም ይወሰዳል። ሞተረኛው እንግዲህ ዛፍ ቅጠል በማይነቃነቅበት ጠዋት እንኳ በፍጥነቱ የራሱን ነፋስ ይፈጥራል።

ይህን በቁጥር ለመግለጽ የሞከሩት ፖል ሲፕልና ቻርልስ ፓስል የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። በአንታርክቲካ፥ በዕቃ የተቀመጠ ውኃ ረግቶ በረዶ ለመሆን የሚፈጅበትን ጊዜ ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካና ካናዳ ቀመሩን አሻሽለው በሰው ፊት ቆዳ ላይ መሠረቱት። በዚህ ቀመር ቢሰላ፥ አየሩ 5 ዲግሪ ሲሆን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ባልተሸፈነ ፊቱ ላይ 0 ዲግሪ ያህል ይሰማዋል። አየሩ 0 ዲግሪ፥ ፍጥነቱም 50 ሲሆን፥ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ነፋስ ደረቅ ቆዳን ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም፤ ሥራው ሙቀትን ቶሎ መንጠቅ ነው። ስለዚህ በ2 ዲግሪ ጣት በረዶ አይሠራም፤ ይደነዝዛል እንጂ።

አደጋው ያለው በዚሁ መደንዘዝ ነው። ብርድ ሲጸና ሰውነት ልብንና ሌላውን የውስጥ ክፍል ለመጠበቅ ወደ ጣቶች የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠባል። የፊቱ ፍሬንና ፍሪሲዮኑ ደግሞ የሚሠሩት በእነዚሁ ጣቶች ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። የደነዘዘ እጅ አንድ ሴኮንድ ቢዘገይ፥ ሞተሩ ፍሬን ሳይነካው ይህን ያህል መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። ከፊት የሚሻገር ሕፃን ቢኖር፥ 14 ሜትር በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ርቀት ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፥ ነፋሱን ከውጭ ማገድ ነው፤ ቆዳ ወይም የዝናብ ልብስ ለዚህ ይበጃል፥ ያም ከታጣ በኮት ሥር ደረት ላይ የተነጠፈ ጋዜጣ ብዙ ይረዳል። ሁለተኛ፥ ከውስጥ አየር የሚያምቅ ሹራብ መደረብ ነው። ሦስተኛ፥ ደረቅ መሆን ነው፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ያስተላልፋልና። ለእጅ፥ በመሪው ላይ የሚታሰር መሸፈኛ ጓንትን ያግዛል። ጠባብ ጓንት ደም ስለሚያግድ ይጎዳል። ጋቢና በርኖስ ግን ተለቀው ከተለበሱ ጫፋቸው በካቴናው ወይም በኋላው ጎማ ተጠምጥሞ ሰውን ሊጥል ይችላል። አረቄም የቆዳን የደም ሥር ስለሚያሰፋ የሙቀት ስሜት ይሰጣል እንጂ የውስጡን ሙቀት ያስወጣል፤ ማስተዋልንም ይቀንሳል።

ስለ ሞተሩም ሁለት ነገር መጥቀስ ይገባል። የጎማ አየር ግፊት በብርድ ስለሚቀንስ ጠዋት መመልከት ያስፈልጋል። ሞተርን በተዘጋ ቤት ውስጥ አስነሥቶ ማሞቅ ግን ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሚያጠራቅም ፈጽሞ አይገባም።

በመጨረሻ፥ ፍጥነትን ከ50 ወደ 30 መቀነስ ብርዱን የሚያቀለው በጥቂቱ ነው፤ በ0 ዲግሪ ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ አይበልጥም። ነገር ግን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገውን ርቀት ከግማሽ በታች ያደርገዋል። እንግዲህ በውርጭ ጠዋት ዝግ ብሎ መሄድ ለሙቀት ሳይሆን ለደነዘዘው እጅ ጊዜ ለመስጠት ነው። ከተማሪዎች መካከል ይህን ጥናት የሚቀጥል ቢገኝ፥ በደጋ ከተሞች የሞተረኞችን የጣት ሙቀትና ፍሬን ለመያዝ የሚፈጅባቸውን ጊዜ አነጻጽሮ መለካት ጠቃሚ ሥራ ይሆናል።