ቀራንዮ በአዲስ አበባ፣ ቀራንዮ በጎጃም፦ አንድ ስም እንዴት የብዙ ቦታ መጠሪያ ይሆናል?

በምዕራብ አዲስ አበባ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ይገኛል። በምሥራቅ ጎጃም ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ደግሞ ቀራንዮ የምትባል ከተማ አለች። ሁለቱን የሰማ ሰው አንዱ ስሙን ከሌላው የወረሰ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ለስሙ መመሳሰል የሕዝብ ፍልሰት አያስፈልግም፤ የቃሉ መነሻ ኢየሩሳሌም ናትና።

ቀራንዮ ክርስቶስ የተሰቀለበት ሥፍራ መጠሪያ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም «የራስ ቅል» ማለት ነው። በአዲስ አበባም ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ስም ይጠራል። ከቀራንዮ ጋር የተጣመረው «ኮልፌ» ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ አይደለም፤ በኦሮምኛ ሳቅ ማለት ከሆነው «ኮልፋ» ጋር ይቀራረባል።

በደጋው አገር ከቤተ ክርስቲያን የተገኙ የቦታ ስሞች ብዙ ናቸው። በግእዝ «ደብር» ማለት ተራራ ነው። ደብረ ታቦር የገሊላውን የታቦር ተራራ ስም ይዟል። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በላሊበላም ቤተ ጎልጎታና ዮርዳኖስ የተሰኙ መጠሪያዎች አሉ።

ሁሉም የጋራ ስም ግን በዚህ መንገድ የመጣ አይደለም። ዳሞት ለዚህ ማሳያ ነው። ጥንታዊው የዳሞት መንግሥት ከዓባይ በስተደቡብ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው የሕዝብ እንቅስቃሴ የዳሞት ሰዎች ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም ገቡ፤ ስማቸውም አብሯቸው ተሻገረ። ዛሬ በጎጃም ደጋ ዳሞት፣ በወላይታ ደግሞ ዳሞት ጋሌና ዳሞት ሶሬ የተባሉ ወረዳዎች አሉ።

ስለዚህ ሁለት ቦታዎች በስም ስለተመሳሰሉ ብቻ የአንዱ ነዋሪ ከሌላው መጣ፣ ወይም ይህ ምድር የእነዚያ ነበር ብሎ መደምደም ያሳስታል። አስቀድሞ ስሙን ያመጣው እምነት ነው ወይስ ሕዝብ ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ የሚገኘው ደግሞ የቀደመው ስም ተመዝግቦ ሲቆይ ነው። መንቆረር የሚለው ስም ባይታወስ ኖሮ፣ የደብረ ማርቆስ ታሪክ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚጀምር ይመስል ነበር። ዛሬ የእርሻ መሬት ወደ መንደርነት በሚለወጥባቸው የከተማ ዳርቻዎችም የመስኩን፣ የወንዙንና የጉብታውን ስም ከሽማግሌዎች ጠይቆ መመዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።