በአዲሱ ባቡር፣ አሮጌውን ፍለጋ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ሁለት የባቡር ሐዲዶች አሉ። አዲሱ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ሰውም ኮንቴይነርም ያመላልሳል። አሮጌው ብዙ ቦታ ላይ አሸዋ ለብሶ፣ ቁጥቋጦ በቅሎበት ተኝቷል፤ አንዳንድ ቦታም ጭራሽ ተነቅሏል። ባቡር ለሚወድ ሰው፣ በአዲሱ ተሳፍሮ አሮጌውን ፍለጋ ከመሄድ የሚበልጥ የሳምንት መጨረሻ ጉዞ አላውቅም። እኔና አብሮ አደጌ ያደረግነውም ይህንኑ ነው። እሱ ደብተር ይዞ የሎኮሞቲቭ ቁጥር የሚመዘግብ፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ዓይነቱን የሚለይ ሰው ነው። እኔን የሚስበኝ ደግሞ ሐዲዱ ያለፈበት አገርና ከተማ ነው።

የተሳፈርነው ከፉሪ ለቡ ነው። ትኬት ያለ መታወቂያ አይሸጥም፤ ባቡሩም በየቀኑ ስለማይወጣ ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ጣቢያው ሰፊና ባለ ግርማ ቢሆንም ከመሐል ከተማ ሩቅ ነው፤ ማለዳ ለሚነሳ ባቡር በሌሊት ታክሲ መፈለግ ግድ ይላል። የድሮው ጣቢያ ለገሀር ግን ቸርችል ጎዳና ጫፍ ላይ ነው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ሕንፃ ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ ሰፈሩም እስካሁን የሚጠራው በእሱ ነው።

የሁለቱ ሐዲዶች ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አሮጌው በደረሰበት ሁሉ ከተማ ይወልድ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። የታሰበው ሐረር ከተማ ድረስ ሊገባ ነበር። ዳገቱ ግን ለባቡር የሚቀመስ አልሆነም፤ ወጪውም ከበደ። ባቡሩ ሜዳው ላይ ሲቀር ከተማዋ ወደ እሱ መጣች፤ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚህ ምክንያት ነው። ሐዲዱን የሚሠራው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተክቶ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለነበር እስከ ጅቡቲ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ተሳፋሪው አዋሽና ድሬዳዋ ያድራል፤ ባለ ቡፌው፣ ባለ ሆቴሉ፣ ሻይ ሻጩ፣ ተሸካሚው ሁሉ በዚያ አዳር ይተዳደር ነበር። ሞጆና አዳማም ቢሆኑ ለዛሬው መልካቸው ከዚያ ሐዲድ ብዙ ተበድረዋል።

አዲሱ መስመር ከተሞቹን በዳር በዳር ያልፋቸዋል። ለዚህ በቂ ምክንያት አለው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ስለነበር በጠባብ ቦታ መታጠፍ ይችላል፤ ኮረብታ ሲያጋጥመው ዞሮ፣ ሸለቆ ሲያጋጥመው ተጠማዝዞ ነው የሚሄደው። ሥራው ረክሶ፣ ጉዞው ግን ረዝሞ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። የአዲሱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሰው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥበት የታሰበ በመሆኑ ሰፊ መታጠፊያ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮረብታውን ቆርጦ፣ ሸለቆውን በድልድይ ተሻግሮ ያልፋል። በተሠራ ከተማ መሐል እንዲህ ያለ ሐዲድ ልዘርጋ ቢባል ስንት ቤት እንደሚፈርስ መገመት አያቅትም። ቢሆንም ከጣቢያ እስከ ከተማ የሚያገናኝ አስተማማኝ አውቶቡስ ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባ ነበር እላለሁ። ከባቡር ወርዶ ገበያ የሚገባ ሰው ካላገኘ ለከተማው የሚተርፈው ጥሩምባው ብቻ ነው።

ጓደኛዬ ከመነሳታችን በፊት ወደ ፊት ወስዶ ሎኮሞቲቩን አሳየኝ። የሰው ባቡር የሚጎትቱት ኤስ ኤስ 9 የሚባሉት ቻይና ሠራሽ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 4800 ኪሎ ዋት ጉልበት አላቸው። ኤሌክትሪኩን በጣሪያቸው ላይ ባለው ፓንቶግራፍ ከ25 ሺህ ቮልት ሽቦ ይቀበላሉ። ከመድረኩ ጫፍ ሆነህ ሽቦውን በርዝመቱ ተመልከት አለኝ። ቀጥ ብሎ የተዘረጋ የሚመስለው ሽቦ ከምሰሶ ምሰሶ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይላል። ሽቦው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቢነካው ፓንቶግራፉ ላይ ያለው ካርቦን በዚያች ቦታ ብቻ ተቦርቡሮ ያልቅ ነበር፤ ወዲያና ወዲህ ሲል ግን ካርቦኑ እኩል ይበላል። ለዓመታት በሥሩ ሳልፍ ልብ ብዬው አላውቅም።

ከአዳማ በኋላ ያለው ጉዞ የመስኮት ጉዞ ነው። ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ አየሩ ይግላል፤ በግራ የፈንታሌ ተራራ ይመጣል፤ መተሐራ ላይ ሐዲዱ በበሰቃ ሐይቅ መሐል ያልፋል። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሰፋ አሮጌውን ሐዲድም የመኪናውንም መንገድ ሲያስቸግር የኖረ ነው። ከአዋሽ ወዲያ ግራር፣ አሸዋና ግመል ነው። ነጂው ጥሩምባውን ደጋግሞ ይነፋል፤ ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ መግባቱ የዚህ መስመር የዘወትር ፈተና ነው፤ ለተገጨ እንስሳ ካሣ ይከፈላል። በዚህ መሐል ዓይን ንቁ ከሆነ አሮጌው ሐዲድ ብቅ እያለ ይጠፋል፤ አንዴ የድንጋይ ድልድይ፣ አንዴ ጣሪያ የሌለው ትንሽ ጣቢያ። ጓደኛዬ እያንዳንዱን በደብተሩ ያሰፍራል፤ ቀና ሲል ደግሞ ካሜራውን ያነሳል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ጣቢያና ድልድይ ሲነሳ ጥበቃዎች ሊከለክሉ ስለሚችሉ ቀድሞ መጠየቅና ማስፈቀድ ይበጃል።

ድሬዳዋ ስንደርስ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ አውርዶን በባጃጅ ገባን። ከዚራ በጥላው ተቀበለን። ይህ ሰፈር የባቡሩ ሰፈር ነው፤ ቀጥ ያሉት መንገዶች፣ ዛፎቹ፣ ባለ በረንዳ ቤቶቹ ሁሉ ለሸመንደፈር ሠራተኞችና ሹሞች ሲባል የተተለሙ ናቸው። በማግስቱ የሄድነው ወደ አሮጌው ጣቢያና ከጎኑ ወዳለው ጋራዥ ነው፤ በፈቃድ ይጎበኛል።

ጋራዥ ማለት ያንሰዋል። የባቡር ዕቃ ከውጭ ተገዝቶ እስኪመጣ ወራት በሚወስድበት ዘመን፣ የጎደለው ሁሉ እዚያው ቀልጦ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተቀርጾ የሚወጣበት ትልቅ ፋብሪካ ነበር። ትላልቅ የመቅረጫ ማሽኖች ዛሬም በየቦታቸው ቆመዋል፤ በግቢው የፈረንሳዩ አልስቶም የናፍጣ ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎችና የሰው ጋሪዎች ተሰልፈዋል። ያስጎበኙን አዛውንት ዕድሜያቸውን እዚያው የጨረሱ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። ጓደኛዬ ባቡር መሪ ሳይኖረው እንዴት ይታጠፋል ብሎ ሲጠይቃቸው መልስ አልሰጡም፤ እጁን ይዘው መሬት ላይ ወደ ተቀመጠ አሮጌ የጎማ ጥንድ ወሰዱት። «ዳስሰው» አሉት። ብረቱ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል። የቡና ስኒ ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ ብትገፋው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ዞሮ ነው የሚንከባለለው፤ አፉ ከግርጌው ስለሚሰፋ። ጎማውም እንዲሁ ነው። ሐዲዱ ሲታጠፍ ጥንዱ በትንሹ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ የውጭው ጎማ በወፍራሙ፣ የውስጡ በቀጭኑ በኩል ይንከባለላል፤ በአንድ ብረት የተያያዙ ስለሆኑ ባቡሩ ራሱ ይዞራል። በጠርዙ ያለው ከንፈር ሐዲድ እንዳይስት የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። ያ ቅርጽ በሥራ ብዛት ሲበላሽ ባቡሩ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ጎማውን እንደገና ቀርጾ ቅርጹን መመለስ የእሳቸው ሙያ ነበር። ልኩን በመለኪያ ያዩታል፣ በጣታቸው ደግሞ ያረጋግጡታል።

ስለዚህ ጋራዥ አጥብቄ የምለው አለኝ። ማሽኖቹ ቢዝጉም ይቆያሉ። እውቀቱ ግን ያለው በእንዲህ ያሉ አዛውንቶች እጅ ነው፤ የዕድሜያቸው ነገር ደግሞ ለቀጠሮ አይመችም። አዲሱን መስመር ሥራ ከጀመረ ከ2010 ዓ.ም. አንስቶ ያስተዳድሩት የነበሩት ቻይናውያን ኃላፊነቱን በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር አስረክበዋል። ዛሬ ነጂውም ጠጋኙም የአገር ልጅ ነው። እነዚህን ወጣቶች ድሬዳዋ አምጥቶ ከአሮጌዎቹ መካኒኮች ጋር ማዋል፣ የሚያውቁትንም በቪዲዮና በጽሑፍ ማስቀረት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሐዲዱ ቢሰፋና ናፍጣው በኤሌክትሪክ ቢተካም ጎማው ያው ጎማ ነው።

ስንመለስ ባቡሩ አንድ ጣቢያ ላይ ቆመ። መስመሩ ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ነጠላ በመሆኑ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ተጠባብቀው ነው። ለጓደኛዬ የቀኑ ድግስ ይህ ነበር። ከጅቡቲ በኩል የጭነት ባቡር መጣ፤ ከፊቱ ኤች ኤክስ ዲ 1 ሲ የተባለው ባለ 7200 ኪሎ ዋት ሎኮሞቲቭ፣ ከኋላው ዓይን እስኪደክም ኮንቴይነር። ይህን ሁሉ ጉልበት ምን አስፈለገ ቢባል መልሱ ከንግዳችን ሚዛን ላይ ይገኛል። ኢትዮጵያ ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው እጅግ ይበዛል፤ ከዚህም አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው። ባቡሩ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ሲወርድ ቀለል ይለዋል፤ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የሚመለሰው ደግሞ ዳገቱን ነው፣ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2000 ሜትር በላይ እስኪወጣ ድረስ።