ከጓሳ አጠገብ መሬት ለሚይዙ ገበሬዎች፤ ስለ አዳኝና ስለ ይዞታ የተሰጠ መግለጫ

በመንዝና በግሼ ደጋ፣ በተለይም ከጓሳ ዳርቻ ባሉት ቀበሌዎች፣ በጋብቻ ወይም በውርስ ወይም በኪራይ መሬት አግኝታችሁ አዲስ ጎጆ የምትወጡ ገበሬዎች፣ እናንተም ወደዚያው አዲስ የተመደባችሁ የልማት ሠራተኞች፣ ስለ ገብስና ስለ በግ ብዙ ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ዛሬ የምናስረዳችሁ ግን በመጀመሪያው ዓመት ሳታስቡት ከማሳችሁ ዳር ስለሚደርስ ነገር ነው። ይኸውም ጠመንጃ በትከሻው አንግቶ፣ ውሻ አስከትሎ የሚመጣ አዳኝ ነው።

እንበልና ጉሙ ገና ሳይገለጥ በጎቻችሁን ስታሰማሩ አንድ የማታውቁት ሰው ቆቅ ወይም ጥንቸል እያባረረ ቡቃያችሁን ረግጦ ያልፋል። ከአዲስ ገቢዎች አንዳንዱ «መሬቱ የኔ ነው፤ በላዩ ያለው አውሬም የኔ ነው፤ ከታደነም እኔው አድነዋለሁ» ብሎ ይነሣል። ሌላው ደግሞ «ያገሩ ልማድ ይሆናል፤ እንግዳ ሆኜ ምን አገባኝ» ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የመጀመሪያውን እንመልከት። በእንግሊዝ አገር የአደን መብት ከመሬት ባለቤትነት ጋር የሚሄድ ነው፤ ባለመሬቱ ራሱ ያድናል፣ ወይም መብቱን ለሌላ ያከራያል። በኛ አገር ግን እንዲህ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። የይዞታ ደብተራችሁ የሚሰጣችሁ መብት ማረስን፣ ማጨድን፣ ማከራየትንና ለልጅ ማውረስን ነው። በማሳችሁ ላይ የምትዘለውን ጥንቸል ግን አይሰጣችሁም። ለማደን የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የሚያድነውን ሰው በገንዘብም በእስራትም እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። የጠመንጃ ፈቃድ ማለት የአደን ፈቃድ ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋልና ለጎረቤቶቻችሁም ብታስረዱ መልካም ነው።

ሁለተኛው፣ ማለት ዝም ያለው፣ የራሱን መብት አላወቀም። መሬቱን መሸጥ ባይችልም እንኳ ሕጋዊ ባለይዞታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ባለቤቱ ወይም ሕጋዊ ባለይዞታው አልፈቅድም ብሎ በግልጽ እየተቃወመ ወደ መሬቱ በኃይል የሚገባ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። እዚህ ላይ «በግልጽ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። በሆዳችሁ መከፋት መቃወም አይባልም። ስለዚህ አዲስ ገቢ የሆነ ገበሬ ገና ሲገባ ድንበርተኞቹን ጠርቶ ዳሩን አይቶ፣ «በዚህ ማሳ አደን አልፈቅድም፤ መንገደኛ ግን በዚህ በኩል ይለፍ» ብሎ በሰው ፊት ቢናገር ይበጀዋል። መንገደኛውን ለይቶ ማንሣት ያስፈልጋል፤ በደጋው ላይ ከጥንት ጀምሮ የውኃና የገበያ መንገድ በሰው ማሳ ዳር ያልፋልና፣ እሱን ለመዝጋት የሚነሣ ሰው ከአዳኝ ጋር ሳይሆን ከመንደሩ ሁሉ ጋር ይጣላል። የአዳኙ ውሻ በጋችሁን ቢነክስም ያው ሕግ እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ግል ማሳ ነው። ከማሳችሁ በላይ ያለው ጓሳ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለው፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ የሣር ምድር ለእንግዳ ሰው ባለቤት የሌለው ዱር ይመስለዋል። ብዙ አዲስ ገቢ የሚሳሳተውም በዚህ ነው። የመንዝ አባቶች ከአስቦና ከጌራ ዘር በመቁጠር ጓሳን በጋራ ይዘው፣ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለ400 ዓመት ያህል ጠብቀውታል። አባ ቄራ የሚባለውን አለቃ ባለመብቶቹ ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጉታል፤ ሲከፈትም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ሁሉም ባንድነት ያጭዳል። በተዘጋ ጊዜ የገባና ለጥበቃ ሲጠራ የቀረ ሰው ብርቱ ቅጣት ያገኘው ነበር፤ ጎጆ እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በታወጀ ጊዜ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ግን በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች ኮሚቴ አቋቁመው ጓሳን መልሰው መጠበቅ ያዙ፤ የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በደንብ አጽንቶላቸዋል። እንግዲህ ወደ ጓሳ የሚገባ አዳኝ ወደ ባዶ ሜዳ ሳይሆን ወደ ብዙ ሺህ ሰው ይዞታ መግባቱ ነው። እናንተም በመሬታችሁ በኩል አሳልፋችሁ ብትሰዱት ከተባባሪ ትቈጠራላችሁ።

ታዲያ አዳኝ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ከሁሉ በፊት የታጠቀን ሰው ብቻችሁን አትግጠሙ። በአንዲት ቆቅ ምክንያት ሰው ሞቶ ደም መፈላለግ ከመጣ በልጅ ልጅ አይበርድም። ሰላምታ ስጡት፤ ከየት እንደመጣና የማን ወገን እንደሆነ ጠይቁት፤ አልፈቅድም ማለታችሁን በጨዋ ቃል ንገሩት። እምቢ ካለ መልኩን፣ ሰዓቱንና የሄደበትን አቅጣጫ በልባችሁ ይዛችሁ ለጓሳ ጥበቃዎች ወይም ለቀበሌው ያኑኑ አስታውቁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ በማግስቱ የሚነገር ነገር ብዙ አይጠቅምም። የልማት ሠራተኛ የሆናችሁ ደግሞ የጥበቃዎቹን ስልክ ቀድማችሁ በየመንደሩ ብታደርሱ፣ ከማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሁሉ ይልቅ ይረዳል።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ነገር እንናገር። አውሬ ላይ የሚተኩሰው ሁልጊዜ ከሩቅ የመጣ አዳኝ አይደለም። ጭላዳ ገብሱን ሲገባበት ወይም ግልገል ሲጠፋበት ገበሬው ራሱ አዳኝ ይሆናል። ንዴቱ ይገባናል፤ የዓመት ጉርሱ ነውና። ነገር ግን የሚገድለውን ሳያውቅ ይገድላል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ ካደጉት 500 እንኳ አይሞሉም። ምግቡም በአብዛኛው አይጥ ነው። ግልገል ከመውሰድ ፈጽሞ ንጹሕ ነው አንልም፤ ግን ብዙ ጊዜ ተራው ቀበሮ ባጠፋው እሱ ይከሰሳል። ተመራማሪዎች እዚሁ ጓሳ ላይ ተቀምጠው የተመለከቱትን በ2007 ዓ.ም. ጽፈዋል፤ ቀይ ቀበሮው ጭላዳዎቹ በሚግጡበት መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ያድናል። ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፣ በጭላዳዎቹ መካከል ሲሆን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹም የራሳቸውን ግልገል ይወስድብናል ብለው አይሸሹትም። እንግዲህ አይጥ ገብሱን የሚፈጅበት ገበሬ ቀይ ቀበሮን ሲገድል የሚያተርፈው ለማን ነው?

ለጭላዳ ጥይት ሳይሆን ጠባቂ ያስፈልገዋል። የሚያድረው በገደል ነው፤ ጧት ወደ ሜዳ ሲወጣ በማሳና በገደሉ መካከል ልጅ ወይም ሽማግሌ ቆሞ ወደ ሣሩ ቢመልሰው ይበቃል። ገደል አፋፍ ላይ ያለውን ቁራጭ መሬት ገብስ ከመዝራት ለግጦሽ መተው እንደሚሻል የኛ አሳብ ነው። ለጅብ ብላችሁ በጥንብ ላይ መርዝ ማድረግን ግን ፈጽሞ ተዉ፤ ከጅቡ በፊት አሞራው፣ ቀይ ቀበሮውና የራሳችሁ ውሻ ይበሉታል።

ስለ ውሻ ካነሣን አይቀር፣ ከጥይት የበለጠ የሚፈጀው እሱ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች፣ በዌብ ሸለቆ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ በዚያ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨርሷል። የአዳኝም ሆነ የእረኛ ውሻ ወደ ጓሳ ሲገባ ያው አደጋ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ውሻችሁን ሌሊት በረቱ አጠገብ እሰሩት፤ ከበጎች ጋር ወደ ጓሳ አታስከትሉት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስከትቡት። ውሻ ወይም አውሬ የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ሩብ ሰዓት ሙሉ አጥባችሁ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።