ተጨማሪ መረጃ፦ አረጋውያንን ያሰበ ከተማ

ብዙ ከተሞች የእግረኛ አረንጓዴ መብራት የሚቆይበትን ጊዜ የሚያሰሉት በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ በሚራመድ ሰው ነው። ብዙ አረጋውያን እዚህ ፍጥነት ላይ አይደርሱም። ሲንጋፖር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መፍትሔ አበጅታለች፤ አረጋዊው የቅናሽ መጓጓዣ ካርዳቸውን ምሰሶው ላይ ወዳለው ማንበቢያ ሲያስጠጉ፣ እንደ መንገዱ ስፋት ከ3 እስከ 13 ሰከንድ ይጨመርላቸዋል። ለወጣት ከቁጥር የማይገባ ጊዜ ነው፤ በምርኩዝ የሚሄዱትን ግን መሃል መንገድ ላይ ከመቅረት ያድናል።

በቤት ግንባታ በኩል በዚያው ከተማ ያለው ካምፑንግ አድሚራልቲ ሊጠና የሚገባው ነው። ለአረጋውያን የተሠሩ 104 አነስተኛ ቤቶች፣ ሕክምና መስጫ፣ የምግብ አዳራሽ፣ የሕፃናት መዋያና ጣሪያ ላይ ያለ የአትክልት ቦታ በአንድ ግቢ ተደራርበዋል። ከሁሉም ብልህ የሆነው ውሳኔ የሕፃናት መዋያውን ከአረጋውያን መዋያ ጎን ማድረግ ነው፤ ብቸኝነትን መወጣጫና አሳንሰር ብቻቸውን አያስወግዱትምና።

ነባር ቤቶችም አልተረሱም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት አብዛኛውን ወጪ እየሸፈነ የመታጠቢያ ቤት ወለል እንዳያንሸራትት ይደረጋል፤ ግድግዳው ላይም የእጅ መያዣ ብረት ይገጠማል።